ከትከሻ ሥር የተሰበረ ክንድ፦ ከአደጋው ሰዓት እስከ ቀዶ ጥገናና ማገገም

በለገጣፎ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በገላን የሚኖር ሰው ክንዱን ከትከሻ ሥር የሚሰበረው በብዙ መንገድ ነው። ወጣቱ ከግንባታ መወጣጫ ይወድቃል ወይም ከሞተር ሳይክል ይወረወራል። እናቶችና አባቶች ደግሞ በክረምት ጭቃ ወይም በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ይወድቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ተመሳሳይ ነው፤ ትከሻ ያብጣል፣ ክንድ አልነሳ ይላል፣ ቤተሰብም ተሰብስቦ ይመክራል። ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ ወጌሻ ይምጣ፣ ወይስ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይወሰዱ?

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለታካሚውና ለአስታማሚው ነው። ሥራዬ ከስብራት በኋላ የደረቀ ትከሻን ማፍታታት ስለሆነ የእያንዳንዱ ውሳኔ መጨረሻ ምን እንደሚመስል አያለሁ። አጥብቄ የማምነውም ይህን ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትክክለኛ ራጅ ተነስቶ ትክክለኛ ውሳኔ መሰጠቱ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራትም ክንዱ በሥርዓቱ መንቀሳቀሱ በቀዶ ጥገና ከሚገባው ብረት እኩል ይመዝናል።

በመጀመሪያ፦ የተሰበረው ምኑ ነው?

የላይኛው የክንድ አጥንት ትከሻ አጠገብ አራት ክፍሎች አሉት፤ ወደ መገጣጠሚያው የሚገባው ክብ ራስ፣ ትከሻን የሚያነሱና የሚያዞሩ ጅማቶች የተያያዙባቸው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጉብታ፣ ከዚያም ወደ ክርን የሚወርደው ዘንግ። ክቡ ራስ ጥልቀት በሌለው ሰሃን ላይ እንደተቀመጠ ብርቱካን ነው፤ ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዙት በዋናነት ጅማቶቹና ጡንቻዎቹ ናቸው። አጥንቱ ገጥሞም ጉብታዎቹ ከቦታቸው ርቀው ከቀሩ ክንድ ወደ ላይ አልሄድ የሚለው ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቻርለስ ኒር እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው አከፋፈል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አንድ ክፍል ከቦታው ለቋል የሚባለው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲርቅ ወይም ከ45 ዲግሪ በላይ ሲጣመም ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ባለ ሁለት ክፍል» ወይም «ባለ አራት ክፍል» ሲል የሚቆጥረው ከቦታቸው የለቀቁትን እንጂ የተሰነጠቁትን ሁሉ አይደለም። ራጁ ላይ ብዙ ስንጥቅ ታይቶ ስብራቱ ቀላል ከሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ትንሽ የምትመስል የትልቁ ጉብታ ስባሪ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ላይ ከተነሳች ክንድ በሚነሳበት ጊዜ ከላዩ ካለው አጥንት ጋር ትጋጫለች። ይህቺ ስብራት በተደጋጋሚ «ወለምታ ነው» ተብላ ስለምትታለፍ ልብ ይበሉ።

እርምጃ 1፦ አደጋው በደረሰበት ሰዓት

ሰውየው ከከፍታ ወድቆ ወይም በተሽከርካሪ ተገጭቶ ከሆነ ከክንዱ በፊት ራሱን፣ አንገቱንና አተነፋፈሱን ይመልከቱ። አንገቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ ደግፋችሁ በባጃጅ አትጫኑት፤ በ907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ።

ክንዱን አይጎትቱ፣ አያሹ፣ «ይግባለት» ብለው አይጠምዝዙ። ክርኑን አጥፈው ከጎኑ ጋር ያስጠጉት፤ ነጠላ ወይም ሻሽ በሦስት ማዕዘን አጥፈው ከአንገት ያንጠልጥሉለት፣ በሌላ ጨርቅም ክንዱን ከደረቱ ጋር ላላ አድርገው ያስሩት። ቀለበትና አምባር ወዲያውኑ ይውለቅ፤ እጅ ካበጠ በኋላ ማውጣት ፈተና ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ትከሻው ላይ ማድረግ ሕመሙን ያቀልላል።

ከዚያ እጁን ይመርምሩ። ጣቶቹ ሞቃትና የተለመደ መልካቸውን የያዙ ናቸው? ጣቶቹንና የእጁን አንጓ ወደ ላይ ማንሳት ይችላል? የትከሻውን የውጭ ጎን በጣትዎ ሲነኩት ይሰማዋል? እዚያ ላይ መደንዘዝ ካለ ትከሻን የሚያነሳውን ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ በቃል ይንገሩ። እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ፣ ብብቱ ውስጥ እብጠት እያደገ ከሄደ፣ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ ወይም ትከሻው ቅርጹን ስቶ የአጥንቱ ራስ ከቦታው የወጣ ከመሰለ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። በብብት የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ተጎድቶ እንኳ በዙሪያው ባሉ ትናንሽ ሥሮች ምክንያት የእጅ አንጓ ላይ የልብ ትርታ ሊዳሰስ ስለሚችል «ትርታው አለ» በሚል አይዘናጉ። እንዲህ ያለ ምልክት ካለ ምግብና መጠጥ አይስጡት፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል።

አደጋው የተሽከርካሪ ከሆነ የሰሌዳ ቁጥሩን ይመዝግቡ፤ ለትራፊክ ፖሊስም ያስመዝግቡ። የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን ለመጠየቅ ይህ መረጃ ያስፈልጋል።

ስለ ወጌሻ በግልጽ ልናገር። ሰው ወጌሻን የሚያምነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቅርብ ነው፣ ወጪው አነስተኛ ነው፣ ታካሚውን ቁጭ ብሎ ያነጋግረዋል። በዚህ ስብራት ላይ ግን እጁ መግባት የለበትም። አጥንቱ በወፍራም ጡንቻ ስለተሸፈነ የትኛው ክፍል እንደለቀቀ በመዳሰስ አይታወቅም፤ የደም ሥሩና ነርቮቹም ከተሰበረው ጠርዝ ብዙ አይርቁም። ማሸቱ ከቦታው ያልለቀቀውን ስብራት ያስለቅቀዋል። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች በአጥንት ሕክምና ክፍሎቻችን የታወቁ ናቸው። ሽማግሌዎችን ላለማስቀየም ሲባል «አንዴ ይየውና እንሄዳለን» የሚባለው ነገር ብዙ ያስከፍላል።

እርምጃ 2፦ የት መሄድ

አስቸኳይ ምልክት ከሌለ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ማስታገሻ ሰጥቶ፣ ክንዱን በአግባቡ አንጠልጥሎ ሪፈራል ይጽፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ሪፈራሉ ለክፍያውም ስለሚጠየቅ አይዝለሉት፤ ድንገተኛ ሲሆን ያለው አሠራር ምን እንደሆነ ከጤና ጣቢያው ይጠይቁ። ከገላን፣ ከቱሉ ዲምቱና ከአቃቂ ለሚመጣ ሰው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል፤ ከዓለም ገናና ከሰበታ ለሚመጣ አለርት ይቀርባል። ውስብስብ ስብራት ብዙ ጊዜ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ አቤት ሆስፒታል ይላካል። ራጅ፣ ሪፈራልና የመድን ካርድ በአንድ ፖስታ ይያዙ፤ ራጁ ሳይያዝ ተመልሶ ሌላ ማንሳት ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

እርምጃ 3፦ ራጁ በትክክል መነሳቱን ማረጋገጥ

ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡት። ለትከሻ አንድ ራጅ አይበቃም። ከፊት ለፊት፣ ከጎን (የትከሻ ሳንቃ ቅርጹ በሚታይበት አቅጣጫ) እና ከተቻለ በብብት በኩል መነሳት አለበት። የመጨረሻው ክንድ ትንሽ መራቅን ስለሚጠይቅ ያማል፤ ባለሙያው በቀስታ ከያዘው ግን የሚቻል ነው፣ ዋጋውም ትልቅ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ የአጥንቱ ራስ ወደ ኋላ ከወጣ ከፊት ለፊት በተነሳ ራጅ ላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለ ጉዳት በተለይ የሚጥል በሽታ በተነሳበት ወይም ኤሌክትሪክ በያዘው ሰው ላይ ይደርሳል፤ ጡንቻዎቹ በአንድ ጊዜ ሲኮማተሩ ራሱን ወደ ኋላ ይገፉታል። ከመንቀጥቀጥ ወይም ከኤሌክትሪክ አደጋ በኋላ ትከሻውን ያመመውና ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ያቃተው ሰው ካለ ይህን ታሪክ ሳያስቀሩ ይናገሩ። በበሽታው ማፈር አያስፈልግም፤ ታሪኩ ካልተነገረ ምርመራው ሊሳሳት ይችላል።

ሐኪሙ ሲቲ ስካን ካዘዘ ብዙውን ጊዜ የአጥንቱ ራስ መሰንጠቁን፣ ጉብታዎቹ ምን ያህል መራቃቸውን ወይም ቀዶ ጥገናውን በምን መንገድ እንደሚሠራ ለመወሰን ነው። ለእያንዳንዱ ስብራት ግን አያስፈልግም።

እርምጃ 4፦ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ወይ?

አብዛኛው የዚህ ቦታ ስብራት ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ችላ የተባለ ይመስለዋል። «ጄሶ እንኳ አላደረጉለትም» ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ለዚህ ቦታ ጄሶ የተለመደ ሕክምና አይደለም፤ ትከሻን ጠፍሮ የሚይዝ ጄሶ ከባድ ነው፣ መገጣጠሚያውንም ያደርቃል። ማንጠልጠያ ራሱ ሕክምና ነው። ብዙውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንታት ይታሰራል፣ ሕመሙ ሲቀል ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ይጀመራል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ስብራቱ አለመንሸራተቱ በራጅ ይታያል። ማንጠልጠያ ታድሎ ወደ ቤት የተላከ ሰው ለቀጠሮው የግድ መመለስ ያለበት ለዚህ ነው፤ ዛሬ በቦታው ያለ ስብራት በሳምንቱ ለቆ ሊገኝ ይችላል።

በብሪታንያ 250 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ፕሮፈር የተባለ ጥናት ከቦታው የለቀቀ ስብራት የነበረባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በቀዶ ጥገና፣ ግማሾቹን በማንጠልጠያ አከመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በክንዳቸው አጠቃቀም ረገድ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ስለነበሩና የአጥንቱ ራስ ከመገጣጠሚያው የወጣባቸው ስላልተካተቱ ውጤቱን በሁሉም ሰው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። ለ70 ዓመት እናት ግን «ብረት ካልገባላቸው አይድኑም» የሚለው የጎረቤት ምክር መሠረት እንደሌለው ያሳያል።

ቀዶ ጥገና በአብዛኛው የሚመረጠው አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ሲወጣ፣ የደም ሥር ሲጎዳ፣ ስብራቱ ከመገጣጠሚያ መውጣት ጋር ሲሆን ወይም የአጥንቱ ራስ ለሁለት ሲሰነጠቅ ነው። በወጣትና በእጁ ሠርቶ በሚያድር ሰው ላይ ክፍሎቹ በጣም ከራቁም ሐኪሞች ወደ ቀዶ ጥገና ያዘነብላሉ፤ ለግንበኛና ለቀለም ቀቢ ክንድን ከራስ በላይ ማንሳት የዕለት እንጀራ ነው። ትልቁ ጉብታ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሲነሳም እንዲሁ።

ከተወሰነ ደግሞ መዘግየት አይገባም። አስቸኳይ ያልሆነው ቀዶ ጥገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢደረግ ይመረጣል። ሦስትና አራት ሳምንት ካለፈ አጥንቱ በተጣመመበት መግጠም ይጀምራል፤ መለያየቱም ማስተካከሉም ይከብዳል። ቀጠሮ ከዚህ በላይ ርቆ ከተሰጠዎት ተመልሰው ሐኪሙን «ይህ ጊዜ ለእኔ ስብራት ይዘገያል ወይ?» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ።

እርምጃ 5፦ የትኛው ዓይነት ቀዶ ጥገና?

ብረትና ብሎን በስፋት የሚታወቀው ነው። ለዚህ ቦታ የሚመረጠው ብሎኑ ከብረቱ ጋር የሚቆለፍበት ዓይነት ሲሆን በሳሳ አጥንት ላይ ከተራው የተሻለ ይይዛል። አጥንቱ በጣም ከሳሳ ግን የአጥንቱ ራስ ወደ ውስጥ ጎን ሊወድቅና የብሎኑ ጫፍ ወደ መገጣጠሚያው ሊወጣ ይችላል። ጥሩ ቀዶ ሐኪም በአጥንቱ ራስ የታችኛ የውስጥ ጎን ድጋፍ የሚሆን ብሎን ማስገባቱንና ጅማቶቹን በጠንካራ ክር ከብረቱ ጋር ማሰሩን የማይዘነጋው ለዚህ ነው።

የአጥንቱ ዘንግ ከአጥንቱ ራስ ብቻ ሲለይ በአጥንቱ ውስጥ የሚገባ ረጅም የብረት ዘንግ አማራጭ ነው። ቀጫጭን ሽቦዎች በትንሽ ቀዳዳ ይገባሉ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ በሳሳ አጥንት ላይ ግን በደንብ አይይዙም። የተነሳች ጉብታን በብሎን ወይም በክር ብቻ መመለስ ይቻላል።

የአጥንቱ ራስ ሲሰባበር ወይም ደም የማግኘት ተስፋው ሲመነምን ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይታሰባል። በተለይ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ግራሞን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው ዓይነት ኳሱን ከትከሻ ሳንቃው ላይ፣ ሰሃኑን ከክንዱ ላይ አድርጎ ቦታ ያለዋውጣል፤ በዚህም ጅማቶቹ ቢበላሹም የትከሻው ትልቁ ጡንቻ ክንዱን ማንሳት ይችላል። በኖርዌይ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 85 ዓመት በሆኑ 124 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ለከባድ ስብራት ይህ ከብረትና ብሎን የተሻለ ውጤት በሁለት ዓመት እንዳሳየ ዘግቧል። በእኛ አገር ግን በሁሉም ሆስፒታል የሚገኝ አይደለም፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ለአንድ አዛውንት ምርጫው በማይመጥን ብረትና በማንጠልጠያ መካከል ከሆነ ማንጠልጠያው የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ይነጋገሩበት።

እርምጃ 6፦ ለቀዶ ጥገናው መዘጋጀት

ፈቃድ ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ባይሠራስ ምን ይሆናል? የትኛውን ዓይነት መረጡልኝ፣ ለምን? የአጥንቱ ራስ ደም ሳይደርሰው የመቅረት ዕድሉ ምን ያህል ነው? በቀዶ ጥገናው ጊዜ ራጅ እያነሳ በስክሪን የሚያሳየው ማሽን አለ? ይህ ማሽን የብሎኑን ርዝመት ለማረጋገጥ ወሳኝ ስለሆነ መጠየቁ ድፍረት አይደለም።

ብረቱን ቤተሰብ ከውጭ እንዲገዛ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። እንዲህ ከሆነ የብረቱ ዓይነት፣ የቀዳዳው ቁጥርና ብሎኖቹ ተቆላፊ መሆናቸው በሐኪሙ እጅ ይጻፍልዎት፤ ቅናሽ ተብሎ ከትእዛዙ የተለየ አይግዙ፣ ደረሰኙንም ይያዙ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ደም ማቅጠኛ፣ የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለማደንዘዣ ባለሙያው መታወቅ አለበት፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን። በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ያልተስተካከለ ስኳር ቁስልን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ሲጋራ የአጥንትን መግጠም ያዘገያልና ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

በተለምዶ ከማደንዘዣ በፊት ለ6 ሰዓት ምግብ፣ ለ2 ሰዓት ደግሞ ንጹሕ ውኃ መቅረብ የለበትም፤ ሆስፒታሉ የተለየ ሰዓት ከሰጠ የእሱን ይከተሉ። የጥፍር ቀለም ይለቅ፤ የኦክስጅን መለኪያው በጣት ላይ ይደረጋል። ማተብ አንገት ላይ ያለ ሰው ከሚቀደደው ቦታ ስለሚቀርብ በጤነኛው እጅ አንጓ እንዲታሰርለት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በመጨረሻው ደቂቃ በመቀስ ከሚቆረጥ በራስ እጅ ፈትቶ ማሰር ይሻላል። ብብቱን በሳሙና ይጠቡ፣ በምላጭ ግን አይላጩ።

እርምጃ 7፦ በቀዶ ጥገናው ክፍል

ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ አንዳንዴም ከአንገት ሥር ነርቮቹን የሚያደነዝዝ መርፌ ይታከላል። ከመርፌው በኋላ እጅ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ሊደነዝዝ ይችላል፤ የዐይን ቆብ ዝቅ ማለትና የድምፅ መጎርነንም ይከሰታል። ደንዛዛነቱ ሲለቅ አብረው ይመለሳሉ። መርፌው በዚያ ጎን አተነፋፈስን ለጊዜው ስለሚያዳክም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ታካሚው ከፊል ተቀምጦ ወይም ተንጋሎ ይሠራለታል። ቆዳው ብዙ ጊዜ የሚቀደደው የደረትና የትከሻ ጡንቻዎች በሚገናኙበት መስመር፣ ከፊት ነው። ከጎን የሚሠራበት መንገድም አለ፤ ትከሻን የሚያነሳው ነርቭ ግን ከትከሻው የአጥንት ጠርዝ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ሐኪሙ እዚያ ይጠነቀቃል። ጅማቶቹ በክር ተይዘው ጉብታዎቹ ወደ ቦታቸው ይሳባሉ፣ የአጥንቱ ራስ ይስተካከላል፣ በሽቦ ለጊዜው ተይዞ በማሽኑ ይታያል፣ ከዚያ ብረቱ ይታሰራል። ከመዘጋቱ በፊት ክንዱን እያዞሩ የብሎኖቹ ጫፎች ከአጥንቱ ራስ ወደ መገጣጠሚያው አለመውጣታቸውን በማሽኑ ያያሉ።

እርምጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቤት

ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት የተሠራው ሁሉ የተጻፈበትን ወረቀት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የተነሳውን ራጅና የቀጠሮ ቀን ይቀበሉ። ለመመለሻው ላዳ ወይም የቤት መኪና ይሻላል። ሚኒባስ ከሆነ የታመመው ክንድ ወደ መስኮት እንዲሆን ይቀመጡ፤ የሚወጣና የሚወርድ ሰው እንዳይገጨው። ባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ሲነጥር የሚያሳምመውን የሞከረው ያውቀዋል፤ ከቻሉ ይተዉት።

ጠፍጣፋ ተኝቶ ማደር ብዙዎችን ያሰቃያል። ጀርባን በትራስ ከፍ አድርጎ ከፊል መቀመጥ፣ ከክርን ሥርም ትንሽ ትራስ ማድረግ እንቅልፍ ይሰጣል። ቁስሉ ደርቆ ይቆይ፤ ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፣ ይህም በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ብብት እንዳይቆስል ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ክንዱ በራሱ ሲርቅ በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱና ያድርቁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥቁር ሰማያዊ ብልዝ እስከ ክርን፣ አንዳንዴም እስከ ደረት ይወርዳል። የፈሰሰው ደም ወደ ታች መውረዱ ስለሆነ ብቻውን አያስደነግጥ።

ጠያቂ ይበዛል፤ ደስ ይላልም። ነገር ግን ትከሻ ለትከሻ የሚደረገው ሰላምታችን ለዚህ ታካሚ አደገኛ ነው። አስታማሚው በር ላይ ቆሞ «በግራ ሰላም በሉት» ወይም «ከሩቅ ይበቃል» ማለት ይልመድ፤ ታማሚው ራሱ ለመናገር ይሉኝታ ይይዘዋል።

ለሕመም በሐኪም የታዘዘውን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ሕመም የፈራ ሰው እንቅስቃሴ አይጀምርም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ አይውሰድ።

እርምጃ 9፦ ክንዱን ማንቀሳቀስ

ከዚህ በታች ያለው ብረትና ብሎን በጥሩ ሁኔታ ለያዘለት ሰው የተለመደው አካሄድ ነው። ሐኪሙ አጥንቱ ደካማ እንደሆነ ከነገረዎት የጊዜ ሰሌዳው ይዘገያል፤ ሁልጊዜ የእሱን ያስቀድሙ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣቶችን፣ የእጅ አንጓንና ክርንን ያንቀሳቅሱ። በየሰዓቱ ጨብጠው ይዘርጉ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ከማንጠልጠያው አውጥተው ክርኑን አጥፈው ይዘርጉ። የትከሻ ሳንቃዎችን ወደ ኋላ መሳብም ይቻላል። በትከሻው ላይ የተሳካ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ክርኑና ጣቶቹ የደረቁበትን ሰው ማየት ያሳዝነኛል፤ ሙሉ በሙሉ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው።

ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት፣ መወዛወዝ ይጀመራል። በጤነኛው እጅ ጠረጴዛ ይደገፉ፣ ከወገብ ጎንበስ ይበሉ፣ የታመመው ክንድ ተንጠልጥሎ ይውረድ። ከዚያ ሰውነትዎን ቀስ ብለው ሲያወዛውዙ ክንዱ ይከተላል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ በትንሽ ክብ። የክንዱ ጡንቻ አይሥራ። ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በቂ ነው።

እስከ ስድስተኛው ሳምንት የሚሠራው በእገዛ ነው። በጀርባ ተኝተው በጤነኛው እጅ የታመመውን አንጓ ይያዙና ወደ ላይ ያንሱት፤ ማንሳቱን የሚሠራው ጤነኛው ነው። ከዚያ ክርንን ከጎን አስጠግተው የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይያዙ፣ በጤነኛው እጅ እየገፉ የታመመውን ክንድ ወደ ውጭ ያዙሩት። ይህ ሁለተኛው እንቅስቃሴ ሰው የሚዘለው ነው፤ ፀጉር ለመሠራትና ነጠላ ለመልበስ ግን የሚያስፈልገው እሱ ነው። ጉብታ ተመልሶ የታሰረለት ሰው በዚህ ጊዜ በራሱ ጡንቻ ኃይል ክንዱን ወደ ውጭ አያዙር።

በስድስተኛው ሳምንት ራጁ መግጠም ካሳየ ማንጠልጠያው ይቀራል፤ ክንዱም በራሱ ጡንቻ ይነሳል። ግድግዳ ላይ ጣቶችን እያራመዱ መውጣት ጥሩ ነው፤ የደረሱበትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ትከሻውን ወደ ጆሮ እየሳቡ ማጭበርበር እንዳይለመድ መስታወት ፊት ይቁሙ።

ከ12 ሳምንት ገደማ በኋላ ማጠናከር ይመጣል። ውኃ የያዘ ጀሪካን መሸከም፣ ቡና መውቀጥ፣ ልብስ በእጅ ማጠብና አካፋ መያዝ ከዚህ በፊት አይታሰብም፤ ከዚህ በኋላም በጥቂት ይጀመራል። 20 ሊትር ጀሪካን ማለት 20 ኪሎ ግራም ነውና በመጀመሪያ ባለ 1 ሊትር የውኃ ጠርሙስ ይሞክሩ። መሻሻሉ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፤ ከራስ በላይ ያለው የመጨረሻው ከፍታ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የገባለት ሰው ደንቡ ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እጁን ከጀርባው ኋላ አድርጎ ወንበር ላይ ተመርኩዞ አይነሳ፣ የሱሪውን የኋላ ኪስም በዚያ እጅ አይዳስስ፤ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል።

ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስመልሱ ምልክቶች

ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፤ እጁ ከቀዘቀዘ ወይም አዲስ መደንዘዝ ካመጣ፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ቀጠሮ አይጠብቁ። የምጨምረው አለ፦ ሕመሙ ቀልሎ ከቆየ በኋላ ክንድ ሲዞር የሚፋጭ ድምፅና አዲስ ሕመም ከመጣ ብሎኑ ወደ መገጣጠሚያው ወጥቶ ሊሆን ይችላልና በጥቂት ቀናት ውስጥ ራጅ ይነሳ። የአጥንቱ ራስ ደም ሳይደርሰው መቅረቱ ደግሞ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይገለጣል።

ብረቱ ይወጣል ወይ?

ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አጥንቱ ከገጠመና ብረቱ ካላስቸገረ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የራሱ አደጋ አለው። የሚወጣው ኢንፌክሽን ሲኖር፣ ብሎን መገጣጠሚያውን ሲያፋጭ ወይም ክንድ ሲነሳ ብረቱ ሲጋጭ ነው። ብርድ ላይ መጠዝጠዙ ብቻውን ለማውጣት ምክንያት አይሆንም።

ከቆመበት ወድቆ ይህን አጥንት የሰበረ አዛውንት የአጥንት መሳሳት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ቀጥሎ የሚሰበረው ዳሌ እንዳይሆን በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ አጥንት ማጠናከሪያ ሕክምና ይጠይቅ። እስከዚያው በቂ ምግብ ይመገብ፤ በጾም ወቅትም ምስር፣ ሽሮና ባቄላ አይጓደል። ደረጃው ላይ መብራትና መደገፊያ ይኑር፤ በክረምት ጭቃ ላይ የሚያዳልጥ ነጠላ ጫማ ይቅር።